ዛፉን ያጣ ሸክላ

አስከሬኑን ከሰው ቀድመው ያዩት አባ ኮዳዎች ናቸው። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ወደ ደንገሉ ሲያስጠጉ እነዚያ መላጣ ወፎች እንደ ዕድር ሽማግሌ ተሰብስበው አንድ ቦታ ላይ አፍጥጠው ቆመዋል። ዓሣ የተጣለ መስሏቸው ቀረቡ። የተጣለው ግን ሰው ነበር።

ኢንስፔክተር ሙሉመቤት ስትደርስ ፀሐይ ከከተማው ጀርባ ወጥታ የሐይቁን ውሃ ገና መንካቷ ነው። ሟቹ በደረቱ ተደፍቷል። ራሱ ከኋላ በኩል ተፈንክቷል። ዙሪያውን የቀይ ሸክላ ስብርባሪ ተበታትኗል።

"ማን ነው?" አለች።

"በርናባስ ይባላል" አለ ሳጅን አለሙ፣ ሱሪውን ከጭቃው ሰብሰብ አድርጎ። "አዲስ ከተማ ሰፈር ችግኝ ጣቢያ አለው። ቦንሳይ ይሉታል ሥራውን። ዛፉን ጠባብ ሸክላ ውስጥ ይተክሉና ሥሩንም ቅርንጫፉንም እየከረከሙ ዕድሜ ልኩን ድንክ አድርገው ያኖሩታል።"

"ለምን?"

"እኔ እንጃ፤ ሀብታም ይወደዋል። እኔ ጓሮ ያለው ማንጎ ሳልነካውም ድንክ ሆኖ ቀርቷል፤ የሚገዛኝ ግን አጣሁ።"

ሙሉመቤት አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ መሬቱን መረመረች። እንዲያ የተፈነከተ ሰው ብዙ ደም ያፈስሳል፤ እዚህ ግን አሸዋው ንጹሕ ነው። ሌላ ቦታ ሞቶ እዚህ የተጣለ ነው። ቀጥላ አንድ ትልቅ ስባሪ አነሳች። የውጪው ገጽ ከዕድሜ ብዛት እንደ ሽበት አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል። በውስጥ በኩል፣ ከአፉ ዝቅ ብሎ፣ ነጭ የጨው መስመር ዞሮታል፤ ከመስመሩ በታች ፀጉር የመሰለ ቀጭን ሥር ተጣብቋል።

"ይኼ ሸክላ ባዶ አልነበረም" አለች። "ዛፍ ቆሞበት ኖሯል። ለዓመታት።"

"እሺ?"

"እሺማ፣ ዛፉ የት ሄደ?"

አለሙ ዙሪያውን አየ። ደንገል ብቻ ነው። የፈሰሰ አፈር የለም፤ አንድ የወደቀ ቅጠል እንኳ የለም።

የምርመራ ኃላፊው ኮማንደር ሰለሞን በዚህ መሃል ደረሰ። ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ሙሉመቤት፣ ገዳይዋ ተገኝታለች" አላት። "ትናንት ከሰዓት በኋላ ቱላ አስፋልት ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ ይህንን ሰውዬ ኮሌታውን አንቃው ነበር። ሸክላውም የሷ ሥራ ነው። የኛ ፖሊሶች ሊያመጧት ሄደዋል።"

"ዛፉስ?"

"የምን ዛፍ?"

መስኮቱ ተዘጋ። ሙሉመቤት ስባሪውን በእጇ እንደያዘች ቀረች። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን ነከሰች፤ የመጨረሻው ግን አልነበረም።

*

ሸክላ ሠሪዋ ሐዳሳ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የመዳፏ ስንጥቅ ውስጥ ጭቃ ደርቆ ቀርቷል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሙሉመቤትን ዓይን ዓይኗን ታያታለች።

"ተጣልታችኋል?"

"ተጣልተናል።"

"አንቀሽዋል?"

"አንቄዋለሁ። ሰድቤዋለሁም። ይጻፉት።"

"ምን አደረገሽ?"

ሐዳሳ አውራ ጣቷን አንስታ አሳየቻት። "እኔ ሸክላ ስጨርስ ታቹ ላይ ይቺን እጫናለሁ። ከጎኗ በጥፍሬ ግማሽ ጨረቃ እጭራለሁ። የኔ ነው ለማለት። እነሱ ወስደው ይፍቁታል። ፍቀው፣ ቀባብተው፣ 'የጥንት ነው፣ ከጃፓን የመጣ ነው' ይሉለታል። ሸክላዬ ሳሎን ይገባል። እኔ ውሃ ሲጠማኝ አጥር ውጪ አቁመው በቆርቆሮ ይሰጡኛል፤ ቆርቆሮውንም መልሰው አይወስዱትም።"

"ትናንትስ?"

"አዲስ ሸክላ ሊወስድ መጣ። ትልቅ፣ አራት ማዕዘን። ለየትኛው ዛፍ እንደሆነ አልነገረኝም። ምልክቴን የምትፍቁ ከሆነ አልሰጥም አልኩት። ተጯጯህን። በመጨረሻ ተረታ። 'እውነትሽን ነው፤ ይኼ አይፋቅም፤ ስምሽንም እናገራለሁ' ብሎ በልጆቹ ማለልኝ። ሰጠሁት። ባጃጅ ላይ ታቅፎት ሄደ። ነገሩ ይኼው ነው፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።"

"ያ ሸክላ አሁን የት አለ?"

"እኔን ይጠይቁኛል? ፖሊስ እርስዎ ነዎት።"

ሙሉመቤት ስባሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት። ሐዳሳ ገለበጠችው። "የኔ ነው። ድሮ የሠራሁት ነው። ይኸው ታቹ ተፍቋል።" ከዚያ ድምጿ ከፍ አለ። "እኔ ሰው የምገድል ብሆን በሸክላዬ አልመታም! ድንጋይ ሞልቷል!"

"ማታ የት ነበርሽ?"

"ቤቴ።"

"ከማን ጋር?"

ያቺ ዓይን የማትሰብር ሴት ዓይኗን ወደ መሬት አወረደች። "ብቻዬን" አለች።

ስትዋሽ ይህ የመጀመሪያዋ መሆኑን ሙሉመቤት አወቀች። የዋሸችው ግን ለራሷ አልመሰላትም።

*

"ሰኞ ጠዋት መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል" አለ ኮማንደር ሰለሞን። "ጠብ አለ። ሸክላው አለ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ሰውየው የሞተው ሐይቁ ዳር አይደለም። እሷ መኪና የላትም። አስከሬን በባጃጅ አልጫነችም መቼም።"

"እነዚህ ሰዎች እንደሆኑ..." አለና ኮማንደሩ ትከሻውን ሰበቀ። "ይባላል እኮ፤ ሌሊት የሚሆኑትን ታውቂያለሽ።"

"አላውቅም። ይንገሩኝ።"

"አይ፣ ሕዝቡ ነው የሚለው።"

"ሕዝቡ ይምጣና ይፈርም እንግዲህ! 'ሌሊት ጅብ ሆና ገደለችው' ብዬ ለዐቃቤ ሕግ ልጻፍ?"

"ሙሉመቤት፣ ድምፅሽን።"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ንዴቷን ግን ይዛው ወጣች፤ በሩን ስትዘጋው የኮሪደሩ መስታወት ተንቀጠቀጠ። አለሙ ግድግዳውን ተደግፎ ይጠብቃታል።

"ኢንስፔክተር፣ በሩ ጥፋቱ ምንድን ነው?"

"ና ዝም ብለህ። ዛፍ እንፈልጋለን።"

*

የበርናባስ ችግኝ ጣቢያ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ነው። ከመንገድ ላይ ሲያዩት ሳር ክዳን ያለው ጎጆ ብቻ ይመስላል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን ጫካ በጉልበት ቁመት ቆሟል። ዋርካው ሥሩን አንዠርጎ፣ ግራሩ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ሁሉም በየሸክላው። የሟቹ የሥራ ባልደረባ ሕዝቅያስ ሐዘን ላይ ሆኖ ውሃ ያጠጣ ነበር። ቀጭን ወጣት ነው፤ ሲናገር ከንፈሩን ይነክሳል።

"ሰው ቢሞትም ዛፉ ይጠማል" አለ፣ ሳይጠየቅ።

ሙሉመቤት ስባሪውን ሰጠችው። "የምን ዛፍ ሸክላ ነው?"

አገላብጦ አየው። "የወይራ ወይም የጽድ። ግንዱ ወፍራም፣ ቅርፊቱ ሻካራ ለሆነ ዛፍ እንዲህ ያለ ማዕዘን ያለው፣ ጥልቅ፣ ቀይ ሸክላ ነው የምንመርጠው። አበባ ለሚያወጣ ደግሞ ክብና ቀለል ያለ። ሸክላ ለዛፉ ልብስ ነው፤ ለሽማግሌ ካቦርት ለኮረዳ ሻሽ እንደሚመረጠው ነው።"

"እዚህ ከቆሙት ሸክላውን ያጣ አለ?"

"የለም። ሁሉም አለ። ከግቢ ውጪ እኛ የምንንከባከባቸው ሁለት ናቸው። አንድ ዋርካ እትዬ ኢየሩስ ቤት፣ አንድ ወይራ ጋሼ ሙሉጌታ የእንግዳ ማረፊያ አዳራሽ።"

አለሙ ከጥግ በኩል አፍንጫውን ይዞ ጮኸ። "ኢንስፔክተር! እዚህ ሌላ የሞተ አለ!"

እርጥብ ጆንያውን ሲገልጡት ሬሳ አልነበረም። እበት የተለደፈባቸው፣ አጓት የፈሰሰባቸው አዳዲስ ሸክላዎች ተደርድረዋል።

"እናስረጃቸዋለን" አለ ሕዝቅያስ አፍሮ። "አዲስ ሸክላ ከአሮጌ ዛፍ ጋር አይሄድም። በአጓት እናሻቸውና ጥላ ውስጥ እናከርማቸዋለን፤ ሽበት ያበቅላሉ። እውነተኛው ግን በውሃና በዕድሜ ብቻ ነው የሚመጣው።"

ከሸክላዎቹ አጠገብ ያረጀ የብርጭቆ ወረቀት ወድቋል፤ በቀይ ዱቄት ተሞልቷል። ሙሉመቤት በሁለት ጣቷ አነሳችው።

"ምልክቷን የምትፍቀው አንተ ነህ?"

"ታዝዤ ነው።"

"አንተም አፍ አለህ እኮ! ማታ የት ነበርክ?"

"ልምምድ" አለ ቶሎ ብሎ። "ዘማሪ ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ልምምድ ነበረን።"

ሙሉመቤት አለሙን ጠቀሰችው። አለሙ ስልኩን አውጥቶ ወደ ውጪ ወጣ።

*

እትዬ ኢየሩስ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዋርካቸው በረንዳ ላይ ነው፤ ሸክላው ሳይሰበር ቆሟል። ሙሉመቤት ውሃ ጠየቀችና ጥቂት ጠብታ ሸክላው ጎን ላይ አፈሰሰች። ሸክላው ወዲያው ጠጣው። ግድግዳው ላይ፣ ልክ እንደ ስባሪው፣ ነጭ መስመር ወጥቷል።

"ይኼን ማን ቀባው እትዬ?"

"ማንም አልቀባውም ልጄ። የኛ የቧንቧ ውሃ ጨዋማ ነው፤ እያደር ሸክላው ላይ ይቀራል። ሽበት በሉት። እኔ እንኳ ነጩን ጠልቼው አንድ ቀን እንደ ድስት ላሟሸው ብዬ ዘይት ባነሳ በርናባስ ሊገድለኝ ነበር!" ሳቁና፣ ወዲያው ሞቱን አስታውሰው እንባቸው መጣ። "ነፍሱን ይማረው። 'ሸክላ ይተነፍሳል እማማ፤ ዘይት ከጠጣ ይታፈናል፤ ሥሩ ይበሰብሳል' ይለኝ ነበር። ቢቆጣም ለዛፍ ነው የሚቆጣው።"

ሙሉመቤት ከበረንዳው ስትወርድ አለሙ ደጅ ላይ ቆሟል።

"የመዘምራኑ መሪ ደወለልኝ። ልምምዱ ነበር፤ ሕዝቅያስ ግን አልነበረም። ችግኝ ጣቢያውንም አሁን ዘግቶ ሄዷል። ወደ ቱላ የሚሄድ ታክሲ ሲገባ ያዩት አሉ።"

*

ቱላ ሲደርሱ ጩኸት አብቅቷል፤ የቀረው ስብርባሪው ነው። የሐዳሳ ግቢ አጥሩ ወድቋል። ሊተኮስ ተደርድሮ የነበረው ሸክላ በእግር ተረግጦ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሆኗል። በመሃሉ ሕዝቅያስ ተንበርክኮ፣ ያልተሰበረውን ከተሰበረው ይለያል።

"እዚህ ነው ልምምዱ?" አለች ሙሉመቤት።

ደንግጦ ተነሳ። መልስ ሳይሰጥ ከጎረቤቱ አጥር በላይ የአንዲት ሴት ራስ ብቅ አለ። ጫልቱ ትባላለች፤ ለጠብ የታጠቀች ትመስላለች።

"እሱንም ይውሰዱት!" አለች። "ትናንት ማታ እዚያ ቤት ገብቶ ሲበላ ነው ያመሸው! በዓይኔ አይቻለሁ! የደህና ሰው ልጅ ሆኖ!"

"ሸክላውን ማን ሰበረው?" አለቻት ሙሉመቤት።

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"ሲበላ ያየሽበት ዓይን ሲሰበር ታውሮ ነበር?"

የጫልቱ ራስ ከአጥሩ በታች ጠለቀ።

ሙሉመቤት ወደ ሕዝቅያስ ዞረች። ሳይጠየቅ መናገር የጀመረው ራሱ ነው፤ እንደ ተቀደደ ጆንያ ፈሰሰ። በርናባስ ሸክላውን ይዞ ከሄደ በኋላ ነው የመጣው። ምልክቷን ስለፋቀ ይቅርታ ሊጠይቃት። ተቀመጥ አለችው፤ ቆጮ አቀረበችለት፤ በላ፤ ሲጫወቱ መሸ። ከደጃፏ ሳትወጣ፣ ከፊቱ ሳትጠፋ። የወጣው ጎረቤት ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ውሻ እየጮኸበት ነው።

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"እናቴ..." አለ። "ሸክላ ሠሪ ቤት በላሁ ብዬ እንዴት ልንገራት? የምበላበትን ሣህን ነው የምትለይብኝ። ሰውስ ምን ይለኛል?"

ሙሉመቤት ጮኸችበት። "ሴትዮዋ በነፍስ ግድያ ታስራለች! አንተ ስለ ሣህንህ ታስባለህ! እሷ አንተን ላለማሳፈር ብላ 'ብቻዬን ነበርኩ' ብላለች፤ ትሰማለህ? አንገቷን ለገመድ ሰጥታ ያንተን ጉሮሮ ሸፈነችልህ!"

ሕዝቅያስ ፊቱን በቀይ እጆቹ ሸፈነ።

ኮማንደሩ በስልክ ነገሩን ሲሰማ በአፍንጫው ሳቀ። "የውሽማ ምስክርነት አታምጪብኝ። ገዳይ አምጪ፤ አለዚያ ሰኞ ሰኞ ነው።"

*

የሙሉጌታ የእንግዳ ማረፊያ ሐይቁን አሻግሮ የሚያይ አዳራሽ አለው። በአዳራሹ መሃል፣ በተወለወለ ጠረጴዛ ላይ፣ ወይራው ቆሟል። ክንድ የማይሞላ ዛፍ ነው፤ ግንዱ ግን እንደ ገዳም ዛፍ ተጠማዝዟል። የረገፈ ቅጠል ጠረጴዛው ላይ ወድቋል።

ሙሉጌታ ራሱ ተቀበላቸው። ስድሳውን ያለፈ፣ ሽቱው ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። ኮማንደር ሰለሞን ሁልጊዜ እሁድ ምሳውን እዚህ እንደሚበላ ሳይጠየቅ ነገራቸው።

"ሸክላው ሰላም ነው" አለ አለሙ በሹክሹክታ። "ባዶ እጃችንን ቀረን።"

"ቆይ" አለች።

"የዚህን ሸክላ ታሪክ ታውቃላችሁ?" አለ ሙሉጌታ፣ እንግዶቹን ሁሉ እንደሚያስጎበኘው። "አያቴ ኮሪያ ዘምተው ሲመለሱ በጃፓን አልፈው ያመጡት ነው። የኔ ቤት መለያ ነው።"

"በርናባስ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው?"

"ከፋሲካ ወዲህ አላየሁትም። ምስኪን። ትናንት ማታ እኔ መኝታ ቤቴ ነበርኩ፤ ዘበኛውን ጠይቂው። ያቺ ሴትዮ ተያዘች አይደል? ከነዚህ ሰዎች ጋር መዋል መጨረሻው ይኼው ነው።"

 ሙሉመቤት ሸክላውን ታያለች። ጥቁር ነው፤ ያብረቀርቃል። ሽበት የለውም። ነጭ መስመር የለውም። ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ ደጋግማ አሸተተች። አፍንጫዋ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የአዲስ ምጣድ፣ የወጥ ቤት ሽታ።

"አንድ ብርጭቆ ውሃ ያስመጡልኝ።"

"ለስላሳ ይምጣልሽ እንጂ።"

"ውሃ።"

ውሃው መጣ። አልጠጣችውም። ሸክላው ጎን ላይ አፈሰሰችው። ውሃው አልሰረገም፤ ጎመን ቅጠል ላይ እንደወረደ ጤዛ ድብልብል እያለ ተንከባለለና ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ሙሉጌታ ምንጣፉን አየ። ሙሉመቤት ሙሉጌታን አየች።

"አለሙ፣ እዚህ ቁም። ወጥ ቤቱ ወዴት ነው?"

"ወጥ ቤት ምን ይሠራልሻል?" አለ ሙሉጌታ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠነ።

የወጥ ቤት ኃላፊዋ ገበያነሽ ሽንኩርት ከትፋ ዓይኗን እየጠረገች ነበር። ወፍራም፣ ፈጣን፣ ለወሬ የማትለመን ሴት ናት።

"ሰሞኑን አዲስ ሸክላ አሟሽተሻል?"

"እንዴ! ማን ነገረሽ?" አለች ገበያነሽ። "ዛሬ ማለዳ ነው እኮ። ጋሼ ቀይ ሸክላ ይዘው ገቡና 'አሟሺልኝ' አሉኝ። በጎመን ዘር አሸሁት፣ እሳት ላይ አቆየሁት፣ ደግሞ አሸሁት። ሳየው ታቹ ቀዳዳ ነው! 'ጋሼ፣ ይቺ የምን ድስት ትሆናለች? ወጡ ሁሉ እሳት ላይ ሊፈስ?' አልኳቸው። 'አንቺ ዝም ብለሽ አሟሺ፣ ያረጀ ይምሰል' ብለው ተቆጡኝ። ዛፏ እዚያ ጓሮ ባልዲ ውስጥ ሥሯ ተራቁቶ ነበር፤ አሮጌው ሸክላ ተሰነጠቀ ነው ያሉኝ። ምነው? ጥፋት ሠራሁ?"

"አይ፣ አንቺ ደግ ሠራሽ" አለች ሙሉመቤት። "በጣም ደግ ሠራሽ።"

ወደ አዳራሹ ስትመለስ ሙሉጌታ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጓል። "ኮማንደርን ከሆነ ሰላም ይበሉልኝ" አለችው። "አለሙ፣ ዛፉን አውጣው። ቀስ ብለህ። ሸክላውን ገልብጥ።"

"ንብረቴን እንዳትነኩ!"

አለሙ ዛፉን እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣው። አፈሩ ገና ልል ነው፤ ሥሩ አልያዘም። ሸክላውን ገለበጡት። ዘይቱ ያልደረሰበት የታቹ ገጽ ትኩስ ቀይ ነው። በመሃሉ የአውራ ጣት አሻራ ታትሟል፤ ከጎኑ በጥፍር የተጫረ ግማሽ ጨረቃ።

ሙሉመቤት ከኪሷ አንድ ወረቀት አወጣች። ሐዳሳ ስትታሰር በቀለም ያስነሷት የጣት አሻራ ነው። ሸክላው አጠገብ ዘረጋችው።

"አያትዎ ከጃፓን ያመጡት የቱላ ልጅ አሻራ ኖሯል" አለች። "ሐዳሳ ለበርናባስ የሰጠችው ሸክላ ሁሉ ምልክቱ ተፍቋል። አንዱ ብቻ አልተፋቀም፤ የሞተ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አይፋቅም ብሎ ምሎ የወሰደው። ይኼው እርስዎ ቤት ቆሟል። ከፋሲካ ወዲህ ያላዩት ሰው እንዴት አድርጎ አመጣልዎ?"

ሙሉጌታ ተቀመጠ። ስልኩ ውስጥ የኮማንደሩ ድምፅ "ሃሎ፣ ሃሎ" ይላል። 

"የመቱበትን አሮጌውን ሰብስበው አስከሬኑ ላይ በተኑት፤ እሷ እንድትያዝ። አስከሬኑንም ደጅ በቆመው ፒካፕዎ ወሰዱት። ሰው ሸክላው መለወጡን እንዳያውቅ ደግሞ አዲሱን በዘይት አጠቆሩት። ለእርስዎ ሸክላ ሁሉ አንድ ነው፤ ድስትም ሸክላ፣ ይኼም ሸክላ። በርናባስ ቢኖር ይነግርዎት ነበር። ሸክላ በውሃ ነው የሚያረጀው እንጂ በጎመን ዘር አይደለም።"

"አንቺ አይገባሽም" አለ ሙሉጌታ በመጨረሻ። የተጸጸተ አይመስልም፤ የተበደለ ነው የሚመስለው። "ሸክላ ሊቀይር መጣ። አሮጌውን ከዛፉ አውልቆ አስቀመጠ። ከዚያ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ጋሼ፣ የጃፓኑ ነገር ይብቃ፤ አሮጌውንም አዲሱንም የሠራችው ሐዳሳ ናት፤ ስሟን እዚህ ጠረጴዛ ላይ እንጽፋለን።' እዚህ! ሰው እህል በሚቀምስበት አዳራሽ! ለሚኒስትር፣ ለፈረንጅ፣ የአያቴ ነው ብዬ ያሳየሁትን! ስንት ዓመት የሸክላ ሠሪ እጅ መሃል ቤቴ አስቀምጦ ኖሯል። አሮጌው ሸክላ አጠገቤ ነበር። ዞር ሲል..."

"ጀርባውን ሲሰጥዎ" አለች ሙሉመቤት።

 በሥራ ዘመኗ ተጠርጣሪ መትታ አታውቅም፤ ያን ጊዜ እጇን ከኋላዋ አጣምራ ያዘችው። "አለሙ፣ ካቴናውን አንተ አድርግለት። እኔ እንዳልነካው።"

ሙሉጌታ በር ላይ ቆም አለ። "አንድ ነገር ልለምንሽ" አለ። "ሸክላው የማን እንደሆነ ጋዜጣ ላይ አይውጣ። ቤተሰቤ..."

"በትልቁ ነው የምጽፈው" አለችው።

*

ሐዳሳ የተፈታችው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ኮማንደር ሰለሞን ከቢሮው አልወጣም፤ የበሩን ቁልፍ ግን ሲያዞር ተሰምቷል።

ሐዳሳ አላመሰገነችም፤ አላለቀሰችም። ቀበቶዋን አሰረች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ግቢዋ ምን እንደሆነ ሙሉመቤት ነገረቻት። 

"ሕዝቅያስ ውጪ ቆሟል" አለች ሙሉመቤት። "ዛፉን ታቅፏል። እዚያ ዘይት የጠጣ ሸክላ ውስጥ ቢቀር ይሞታል አለኝ። ሌላ ሸክላ ይፈልጋል።"

"ያልተሰበረ ካለ ያግኝ" አለች ሐዳሳ። "ግን ውስጥ ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ሰው እያየው ይበላና ነው የምሰጠው። ጫልቱ እያየች።"

"እነግረዋለሁ።"

"እኔው እነግረዋለሁ።" በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። "የኔን ሸክላስ?"

"ኤግዚቢት ነው። ፍርድ እስኪያልቅ እዚህ ይቆያል። አልችልም፤ ሕግ ነው።"

ሐዳሳ አሰበች። "እሺ፤ ይቆይ። ግን ዛፍ እንደሚተከልበት አድርጋችሁ እንዳታስቀምጡት።"

ሄደች። ሙሉመቤት በመስኮቱ ስታያት ነበር። ሕዝቅያስ ዛፉን እንዳቀፈ ሊያናግራት ተጠጋ፤ እሷ ሳትቆም ቀድማው ሄደች፤ እሱ ከኋላ ከኋላዋ።

ሙሉመቤት የኤግዚቢት ክፍሉን ከፈተች። የተያዘ ሞተር ብስክሌት፣ የተሰረቀ ቴሌቪዥን፣ ቢላዋ። ሸክላው ከመደርደሪያው ላይ በወጉ ተቀምጧል፤ ጥቁሩ ፊቱ ወደ ሰው፣ ታቹ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ። በሁለት እጇ አነሳችው። ገለበጠችውና አፉን ወደ መደርደሪያው፣ ታቹን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው። ማንም በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ያንን አውራ ጣት እንዲሆን።